ሦስተኛው ረድፍ

ጥር 12

ለውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ሕፃኑን በአንድ እጄ ታቅፌ ስለሆነ መስመሬ ቢጣመም አትቆጪኝ።

አዎ፣ ተወለደ። ወንድ ነው፤ እናቱም እሱም ደህና ናቸው። ስም እስኪወጣለት ልጆቹ እንግዳው ይሉታል። ትልቋን ከደብዳቤዎቼ ታውቂያታለሽ፤ ገና በሰባት ዓመቷ የማትፈርድበት ነገር ስለሌለ ዳኛዋ የምንላት ናት። ወንድሟን አየት አደረገችና «ይኼም እዚሁ ነው የሚያድረው?» አለች። መካከለኛው ቁንጫው ደግሞ ስሙን የሰጠውን ዝላይ ዛሬም አልተወም።

አሁን የመጣው ጣጣ የመኪና ነው። እዚህ አገር ልጅ ያለ ልጆች መቀመጫ መኪና ላይ አይጫንም፤ መቀመጫዎቹም እንደ ዙፋን የሰፉ ናቸው። በአሮጌዋ መኪናችን ሁለቱን ከኋላ አስሬ ሦስተኛውን ብጨምር በሩ አልዘጋ አለኝ። አዲስ መግዛት ግድ ሆኗል።

ይህ ጣጣ ግን ለአንቺ የምሥራች ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ወጥቷል። እስከ ዛሬ ያዘገየሁሽ በመኪናው ምክንያት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰፈራችን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ አውቶቡስ አይደርስበትም፤ ሐኪም ቤቱም፣ ገበያውም፣ የሰው ቤትም በመኪና ነው። መኪናው ውስጥ ቦታ ሳይኖርሽ ባመጣሽ እስር ቤት አስገባሁሽ ማለት ነው። አሁን ግን ለአምስታችንና ለአንቺ የሚበቃ መኪና እንገዛለን። ሰው ስድስት፣ መቀመጫ ሰባት። የተረፈው ለቦርሳሽ ይሁን።

እንግዲህ የምትኖሪበትን የማተሚያ ቤቱን መኖሪያ በሰኔ መጨረሻ እንደምትለቂ ለቤቶች ክፍል ንገሪያቸው። ሐምሌ ላይ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እናቴም አባቴም አንቺ ነሽ፤ ብቻሽን እንድታረጂ አልፈቅድም።

የትኛው መኪና እንደሚሻል ምክርሽን ጻፊልኝ። ያለ አንቺ የገዛሁት ጫማ ሁሉ ጠቦኛል።

ልጅሽ ቸኩሌ


የካቲት 2

ለልጄ ለቸኩሌ፣

ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለሦስቱ ልጆች የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለእንግዳው ዕድሜና ጤና ይስጠው። እናቱን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በልልኝ። መስመርህ አልተጣመመም፤ ሁለት ቦታ ግን አራት ነጥብ ዘለሃል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ቤቶች ክፍል ሄጄ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍኩ። ኃላፊው ወጣት ነው። አንዴ ከፈረሙ የሚመለስ ነገር የለም፣ አስበውበታል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ ሳላነብና ሳላስብ ፈርሜ አላውቅም አልኩት። ክፍሎቼ ለማሽን ጠጋኙ ተሰጥተዋል። ከሚስቱ ጋር በአማቱ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የሚኖሩ ናቸው፤ ሚስቱም ልትወልድ ተቃርባለች። በቀደም መጥታ የመስኮቱን ስፋት በገመድ ለካች፤ መጋረጃ ልታሰፋለት ነው። ሰው በቤቴ መስኮት ሲደሰት ማየት አልከፋኝም።

ቁም ሣጥኑን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ። ሱሪህን በቀደድክ ቁጥር ስትጥፍልህ የኖረችው ናት። እያለቀሰች ተቀበለችኝና ወዲያው የማጠፊያው ብሎን መላላቱን ነገረችኝ።

ወደ መኪናው ልምጣ። ስለ መኪና የማውቀው ከውጭ ነው፤ ስለ ልጅ ግን አውቃለሁ። ስትሄድ ልጆቹንና ሦስቱንም መቀመጫዎች ይዘህ ሂድ፤ እግር ሳይኖር ጫማ አይለካም። መቀመጫዎቹን ራስህ እሰር፤ ሻጩ ይገባል ስላለህ አትመን። በሩ የሚንሸራተት ቢሆን ይሻላል፤ እንደ ቁንጫው ያለ ልጅ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከሰጠኸው የጎረቤትን መኪና ሲያጎደጉድ ይኖራል። ወለሉም ዝቅ ያለ ይሁን። የሰባት ዓመት ልጅ ሳትታቀፍ ራሷ መግባት አለባት፤ እናቷም ሕፃን ታቅፋ ወደ ላይ መቧጠጥ የለባትም።

ጉልበቴን ጠይቀኸኛል። ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ከወደቅሁ ወዲህ ግራው አይታጠፍም፤ እንደነበረው ነው። ይህን የምጽፈው ስለጠየቅኸኝ ነው እንጂ ከመኪናው ጋር ግንኙነት የለውም።

የምታስብልህ አክስትህ


መጋቢት 20

ለውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ስለዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሥራ በዛብኝ። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ያሉት አሳንሰሮች ተራ በተራ እየቆሙ፣ እኔም ጉድጓዳቸው ውስጥ እየዋልኩ ከረምኩ።

እንዳልሽው ልጆቹንም መቀመጫዎቹንም ይዘን ሄድን። ሻጩ ሦስቱን መቀመጫ ተሸክሜ ስገባ አይቶ ዕቃ ልመልስ የመጣሁ መስሎት ነበር።

ሁለት መኪና አየን። የመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። በሮቹ በግራም በቀኝም ይንሸራተታሉ፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የልጆቹ መቀመጫ ታስሮ እንኳ በመካከል ወደ ኋላ ማለፊያ አለው። ዳኛዋ ራሷ ገብታ፣ ራሷ ቀበቶዋን አስራ «እንሂድ» አለች። ሁለተኛው ጥቁርና ከፍ ያለ ነው። እሱም ባለ ሰባት መቀመጫ ነው። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጣ መውረድ ጠላች።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሚኒባሱ ለቤተሰብ የተሠራ መሆኑን አልክድም። ግን እንደመጣሁ ሰሞን ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ሚኒባስ ስነዳ መኖሬን ታውቂያለሽ። ሻጩ ያንን በር ሲያንሸራትት ድምፁን ስሰማ ያ ዘመን ተመለሰብኝ። ያኔ ተሳፋሪው ገብቶ ይወጣል እንጂ ፊቴን የሚያይ አልነበረም። አንድ ሰው ለሦስት ወር በየጠዋቱ ጭኜው መንገድ ላይ ሰላም ብለው አላወቀኝም። ባለቤቴ ደግሞ በቀልድ «ትምህርት ቤት በር ላይ ስታደርሰን ሒሳብ እንዳትለን» አለች። የሳቀችው እሷ፣ ያመመው እኔን።

ከፍ ያለው ለደኅንነት ይሻላል ይባላል፤ ሹፌሩ አርቆ ያያል። ወደ መጨረሻው ረድፍ ለመግባት ትንሽ ቅልጥፍና ይጠይቃል፤ እሱ ግን ይለመዳል። ገና አልወሰንኩም። ለልጆቹ የሚበጀውን እያሰብን ነው።

ልጅሽ ቸኩሌ


ሚያዝያ 4

ለልጄ ለቸኩሌ፣

ሰላም ለአንተና ለቤተሰብህ ይሁን። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ እኔ ደብዳቤ አላሳድርም።

ትንሽ ቅልጥፍና ይጠይቃል ብለሃል። ከማን ነው የሚጠይቀው? ሦስቱ የልጆች መቀመጫዎች ከታሰሩ በኋላ አንድ ሰው ወደ ሦስተኛው ረድፍ በየት በኩል ነው የሚገባው? መካከለኛውን ወንበር አጥፎ ከሆነ፣ ልጅ የተቀመጠበት ወንበር እንዴት ይታጠፋል? ከመሬት እስከ ወለሉ ያለውንም ከፍታ ለክተህ ጻፍልኝ። አሳንሰር ጠጋኝ ነህ። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስታወጣና ስታወርድ የምትውል ሰው አንድ መርገጫ መለካት አያቅትህም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልጆቹ ነው። ከፍ ባለ መኪና ውስጥ ያንቀላፋ ሕፃን ማስገባት ለእናቱ ወገብ መልካም አይደለም። ቁንጫውም ሲዘል የሚወድቀው ከዚያው ከፍታ ነው።

ስለ ሚኒባሱ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንም አላየኝም ያልክበት ቦታ አሳዝኖኛል፤ ያኔ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ውስጥ ይህ አልነበረም። ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው ነበር የምትለው። ይሁን እንጂ ባበላህ መኪና አትፈር። ሚስትህን ያገባኸው ያንኑ በር እየከፈትክና እየዘጋህ ባገኘኸው ገንዘብ ነው። ደግሞስ መኪና የሚገዛው ለሚቀመጥበት ነው ወይስ ቆሞ ለሚያየው?

የጠጋኙ ሚስት ወለደች፤ ሴት ልጅ ናት። የአማቱ ቤት ጠቦ ጠቦ አራሷ የምትተኛበት አጣች። ስለዚህ የውስጠኛውን ክፍል ከአሁኑ እንዲገቡበት ለቅቄላቸው እኔ በበሩ በኩል ባለው ተቀምጫለሁ። ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ለእንግዳው ልቅሶ እየተለማመድኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

የጠየቅሁህን አትርሳ።

አክስትህ


ሰኔ 11

ለውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ረጅም ጊዜ ዝም በማለቴ እንዳታዝኚብኝ። ልጆቹ ተራ በተራ ታመው ነበር፤ አሁን ድነዋል።

መኪናውን ገዛን። ከፍ ያለውን ጥቁሩን ነው። ብዙ አስበንበታል፤ ባለቤቴም እኔም ተስማምተናል። ሰባት መቀመጫ አለው፤ ስለዚህ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ለአምስታችን እጅግ የተመቸ ነው። ሥራ ቦታ ይዤው የሄድኩ ቀን ዋናው መሐንዲስ ወጥቶ ዙሪያውን ዞሮ አየውና በስሜ ጠርቶ «ያንተ ነው?» አለኝ። እዚያ ስሠራ ስንት ዘመኔ ነው፤ በስሜ ሲጠራኝ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛውን ረድፍ ለጊዜው አጥፈን የሕፃኑን ጋሪ ጭነንበታል። ሲዘረጋም መግቢያው በኋላው በር፣ በዕቃ መጫኛው በኩል ነው። ቁንጫው እንደ ድመት ይገባል፤ መቀመጫው ግን እዚያ አይታሰርለትም። ለትልቅ ሰው ግን አሁን ለአሁን አይመችም። እንግዳው አድጎ ያንን ሰፊ መቀመጫ ሲተወው መካከለኛው ወንበር ይታጠፋል፤ ለአንቺም መግቢያ ይከፈታል። ሁለት ሦስት ዓመት ቢፈጅ ነው፤ ቀን እንደሆነ ይሄዳል።

ስለዚህ እትዬ፣ ቤቶች ክፍልን ትንሽ ጊዜ እንዲጨምሩልሽ ብትጠይቂያቸው ምን ይመስልሻል? በማተሚያ ቤቱ የተከበርሽ ሰው ነሽ፤ እምቢ አይሉሽም። ክፉ ሐሳብ እንዳይገባሽ። ቀረ አላልኩም፤ ዘገየ ነው ያልኩት።

ልጆቹ ሰላም ይሉሻል።

ቸኩሌ


ሰኔ 24

ለቸኩሌ፣

ልጆቹ በመዳናቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ። መኪናውን በሰላም ንዱት።

የሥራዬን ነገር አንድ ጊዜ ላስረዳህ፤ ልጅ ሳለህ ጠይቀኸኝ አላውቅም። የተሳሳተ ፊደል ዓይን ያገኘዋል። የጎደለ መስመርን ግን ዓይን ብቻውን አያገኘውም፤ የቀረው ተገጣጥሞ ይነበባልና። ለዚህ ነው አራሚ ሁለት ሆኖ የሚሠራው። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በጣቱ ይከተላል። ድምፁ የሚለውን ጣት ካጣው፣ የጎደለው እዚያ ነው።

ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ የጥር ወሩን ደብዳቤህን አስነበብኳት። እኔ የሰኔውን በጣቴ ተከተልኩ። «ለአምስታችንና ለአንቺ የሚበቃ መኪና» ብላ አነበበች። ጣቴ ያረፈበት «ለአምስታችን እጅግ የተመቸ ነው» ይላል። አንብቢው ብዬ ደገምኳት። ደገመችልኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ልጅሽ ደህና ስፌት ያውቃል፤ የቆረጠበት ቦታ እንኳ አይታይም» አለች። ልትሳደብ እንደሆነ ገብቶኝ ዝም አሰኘኋት።

እኔም ያለ ጥፋት አይደለሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁለት ጊዜ ስጽፍልህ በልጆችህ ተከልዬ የጻፍኩት ስለ ራሴ ጉልበት ነበር። አንተም ገብቶህ በልጆችህ ተከልለህ መለስክልኝ። እኒያ ልጆች ከሚችሉት በላይ ጭነናቸዋል። አሁን ግን በማንም ሳልከለል እጠይቅሃለሁ፦ በዚያ መኪና ውስጥ እንድቀመጥ ፈልገህ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ሌላ ቃል አትጨምርበት።

ቤቶች ክፍልን ጊዜ ጨምሩልኝ አልልም። የፈረምኩትን አልፍቅም። ብፍቀውም የሚወጡት ጠጋኙና አራስ ሚስቱ ናቸው፤ እኔ ለአንድ ወንበር ስል ሕፃን ሜዳ ላይ አልጥልም። በቀኑ እለቃለሁ። ለጊዜው የማድረው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። ያላት አንድ ክፍል ናት፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ግድግዳ አስጠግተን ፍራሼን እናነጥፋለን፤ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ እንጠቀልለዋለን።

አክስትህ


ነሐሴ 20

ለክብርት አክስቴ፣

ጤናዎ እንዲጠበቅ እመኛለሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጥሞና አንብበነዋል።

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የሚከተለውን መፍትሔ አግኝተናል። እዚያው ባሉበት ከተማ ንጹሕና ጸጥ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ መኖሩን አጣርተናል። ነርስ አለው፤ ክፍሎቹ ምድር ቤት ስለሆኑ ደረጃ የለባቸውም። ለጉልበትዎ የሚስማማ ነው። ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ። ፈቃደኛ መሆንዎን ቢያሳውቁኝ ለኃላፊዋ ወዲያው እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቸግርዎታለሁ። ለልጆቹ እትዬ ታማለች፣ ሐኪም ጉዞ ከልክሏታል ብለናቸዋል። ቁንጫው ተቀብሎታል፤ ዳኛዋ ግን «የከለከላት ሐኪሙ ነው ወይስ መኪናው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታየኝ ዓይኗ ሌላ ነው። በእጅዎ ሁለት መስመር ቢጽፉላት ታምናለች። የእርስዎን ቃል ትቀበላለች።

በአክብሮት

ከዚህ በላይ ያለውን በታይፕ የጻፍኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። እትዬ፣ አትፍረጂብኝ። ከዚያ ሚኒባስ ስወርድ ሁለተኛ አልመለስበትም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ሰዎች ያዩኛል።


መስከረም 14

ለቸኩሌ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ።

ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠኸኝም፤ እኔም መልስህን አግኝቻለሁ። ዳግም አልጠይቅህም።

እርስዎ ማለትህን አይቻለሁ። ልጅ ሳለህ አንቺ ያልከኝ ንቀኸኝ አልነበረም፤ ዛሬም እርስዎ ያልከኝ አክብረኸኝ አይደለም። እጅህ እምቢ ካለህ እጅህን አድምጠው፤ ከአንተ የተሻለው እሱ ነው።

የአረጋውያኑን መኖሪያ ሄጄ አየሁት። እንዳልከው ንጹሕ ነው። ኃላፊዋ ልጅ አለዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ወዲያው ሌላ ሰው ጠራትና ሄደች። አልገባበትም። አንተ የምትከፍልበት አልጋ ላይ ተኝቼ ስላንተ የማስበውን ማሰብ አልችልም። ልብስ ሰፊዋ ታንኮራፋለች፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መርፌ በፍራሼ ውስጥ ይገኛል። ግን ቦታ ጠበበ ብላ አታጥፈኝም።

አትፍረጂብኝ ብለሃል። ሰው እንዳያይህ ሆነህ የኖርክበትን ዘመን አውቄ አዝኛለሁ፤ እስከ አሁንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ያኔ አንዲት ሴት ታይህ ነበር። ያላዩህን ሰዎች ዓይን ለማግኘት ያየችህን ሰጠህ። ይህ ፍርድ ከሆነብህ ይሁን።

የጠየቅኸውን ሁለት መስመር ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እያወቅሁ ያሳለፍኩት ሐሰት የለም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያሳለፍኩት ለአንተ ስል አይደለም። ልጅ አባቷን መናቅ ከጀመረች ማቆሚያውን አታውቀውም፤ የምትጎዳውም እሷው ናት። ደብዳቤውን አንተ አታንብብላት። ፊደል ታውቅ የለም እንዴ፤ ራሷ ታንብበው።

ከእንግዲህ ለእኔ መጻፍ ዕዳ አይሁንብህ። ዕድሜ ይስጥህ።

አክስትህ


ለዳኛዋ፣ ለቁንጫውና ለእንግዳው፣

ውድ ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴ ስለጠናብኝ ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎኛል። መኪናችሁ ትልቅና ቆንጆ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስትሄዱ ቀበቷችሁን እሰሩ፤ ቁንጫው ሲዘል ዳኛዋ ትያዘው። አባታችሁ እንድመጣ አጥብቆ ለምኖኝ ነበር፤ ቦታዬንም አዘጋጅቶልኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

እትዬ